ዓሣ የወንዝ ምስክር

የሰው ልጅ ከተማ ሊቆረቁር ባሰበ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ውሃን ነው። ውሃ በሌለበት ስፍራ ገበያ አይደራም፤ ችሎት አይዘረጋም፤ ትምህርት ቤትም አይጸናም። ነገር ግን ከተማው ከቆመ በኋላ ያቆመውን ወንዝ መለስ ብሎ ጤናውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ውሃው ለስንት ሰውና ለስንት ማሳ እንደሚበቃ እንመረምራለን፤ ወንዙ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ግን አንጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወንዝ ስለ ጤናው የሚመሰክርለት ፍጥረት በውስጡ እንደሚኖር ማሳየትና የምስክሩ ቃል ሳይመዘገብ እንዳይጠፋ ማሳሰብ ነው።

ይህን በጨርጨር ምድር ሆኖ መጻፍ የራሱ ምክንያት አለው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን ታስቦ አዲስ አስተዳደር የተሞከረበት አገር ነበር። ዛሬ ጭሮ የምንለው ዋና ከተማም በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተብሎ ይጠራ ነበር። አውራጃውን ካስተዳደሩት መካከል ሁለቱ በታሪክ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ በቀዳሚው የአማርኛ ቴአትራቸው አውሬዎችን አናግረው የዘመናቸውን አስተዳደር ጉድለት የተቹ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሲሆኑ፣ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው የበሽተኛን የልብ ትርታ ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ገዥ አውሬን ባናገሩበት፣ ሌላው ገዥ ትርታ ማዳመጥን በሚያውቁበት አገር፣ ስለ ወንዝ ጤና ዓሣን እንጠይቅ ማለት እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

የጨርጨር ተራራ የውሃ ማካፈያ ነው። በሰሜን በኩል የሚወርደው ውሃ በሚኤሶ ቆላ አድርጎ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይፈስሳል፤ በደቡብ በኩል የሚወርደው ደግሞ እንደ ራሚስና እንደ ገለቲ ባሉት ወንዞች አማካይነት ከዋቢ ሸበሌ ይቀላቀላል። አዋሽም ጉዞውን የሚፈጽመው በባሕር ሳይሆን በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ነው። ስለዚህ የጣልንበትን ጉድፍ ሁሉ ከአገር ተሸክሞ አያወጣልንም።

ለወንዝ ከሁሉ ይልቅ ዓሣ ምስክር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ውሃ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። መርዝ በሌሊት ተለቅቆ በነጋታው ጠዋት ቢቀዳ፣ ጠርሙሱ ያለፈውን ላያውቅ ይችላል። ዓሣ ግን ሌሊትም ቀንም፣ በበጋም በክረምትም ከውሃው አይወጣም፤ ከዓመት እስከ ዓመት የሆነው ሁሉ በሥጋው ላይ ያልፋል። ከዚህም በላይ አንዱ ዓሣ ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ሽበት ሲበላ፣ ሌላው ትላትልን፣ ሌላውም ታናናሾቹን ዓሦች ይበላል። እንግዲህ ከእነዚህ አንደኛው ቢጠፋ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የወንዙ ኑሮ እንደ ተበላሸ ይገመታል።

ምሳሌ እንውሰድ። በሳይንስ ስሙ ጋራ የሚባል ትንሽ ዓሣ በደጋ ወንዞቻችን ይኖራል። ስሙ የእኛን ጋራ ቢመስልም የመጣው ከህንድ ነው። ይህ ዓሣ በአፉ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ኃይለኛ ውሃን ይቋቋማል፤ ምግቡንም ከድንጋዩ ላይ እየፋቀ ይበላል። ተራራው ተራቁቶ ጎርፍ አፈር ቢያወርድና ድንጋዩ በደለል ቢሸፈን ማዕዱ ተነሣበት ማለት ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገንም እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። አምባዛ ግን ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ድፍርስ ውሃ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ሁሉም በነበሩበት ወንዝ አምባዛ ብቻውን ቀርቶ ቢገኝ፣ ዓሣ አለ ብሎ መደሰት ስሕተት ነው፤ እርሱ የቀረው የሌሎቹን መጥፋት ለመመስከር ነውና።

ይህ ዕውቀት በአውሮፓ የተገኘው ከብዙ ጥፋት በኋላ ነው። በለንደን ከተማ የሚያልፈው የቴምዝ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1858 ዓ.ም. ከመሽተቱ የተነሣ የፓርላማውን ሥራ እስከ ማወክ ደርሶ ነበር። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም.፣ ወንዙ በከተማው በሚያልፍበት ክፍል እንደ እባብ ከሚረዝመው ኢል በቀር ዓሣ እንደሌለ ተመራማሪዎች ገለጹ። ከዚያ ወዲያ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ታድሰው ወንዙ ቀስ በቀስ አገገመ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. አንድ ሳልሞን ሲገኝ የመዳኑ የምሥራች ሆኖ ተነገረ።

ምስክርነቱን በሥርዓት መመዘን የቻለው ጄምስ ካር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ዐሥራ ሁለት መመዘኛዎችን አቀረበ። ስንት ዓይነት ዓሣ ተገኘ? ብክለት የማይችሉት አሉ ወይስ ቻዮቹ ብቻ ቀሩ? ምን ይበላሉ? ስንቱስ ቁስል ወይም የአካል ጉድለት አለበት? እያለ ይጠይቃል። መልሱ ብዙም ካልተነካ ወንዝ ጋር ተነጻጽሮ ለእያንዳንዱ 1፣ 3 ወይም 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩም ከ12 እስከ 60 ይደርሳል። እንደ ተማሪ ውጤት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሚዛን እንዳለ ወደ ጨርጨር ማምጣት አይገባም፤ የተሠራው ለዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛው ምዕራብ ወንዞች ነውና። የደጋ ጅረቶቻችን በተፈጥሮ የዓሣ ዓይነት አይበዛባቸውም። ፏፏቴ መንገዱን የዘጋበት ወይም በበጋ የሚደርቅ ጅረት ዓሣ ባይኖረው ታሟል አይባልም። በእንዲህ ያለው ስፍራ ከድንጋይ ሥር የሚገኙ ነፍሳት ምስክር ሆነው ይጠራሉ። ዓሣ በሚኖርበት ወንዝ ግን የራሳችን መነሻ ያስፈልገናል፤ መነሻ የሌለው ሰው ከፍና ዝቅን ሊለይ አይችልምና።

የመነሻ መዝገብ ጥቅም በጣና ሐይቅ ታይቷል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ መጥቶ የጣናን ዓሦች በጽሑፍ ገለጸ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ምርመራውን ስለ ቀጠሉ በሐይቁ 15 የባርበስ ዓይነቶች እንዳሉ ታወቀ፤ እነዚህም ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲጓዙ በመረብ እየተያዙ ቁጥራቸው መቀነሱ ተደረሰበት። ጉዳቱ የታወቀው ቀድሞ የተጻፈ ስለ ነበረ ነው።

ከእኛ በስተምሥራቅ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። የሐረር ከተማ ከዚህ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፤ በዙሪያው ያለውም ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣበት ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶበታል፤ ነገር ግን የውሃ መመለስና የቀድሞው ሕይወት መመለስ አንድ አይደሉም።

በልጅነታችን ከጭሮ ከተማ በታች ባለ አንድ ጅረት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ትናንሽ ዓሦችን በነጠላ እንይዝ ነበር። ባለፈው ዓመት ልጄን ወደዚያው ስፍራ ብወስደው ድንጋዮቹ በደለል ተሸፍነው አገኘናቸው፤ አንድም ዓሣ አላየንም። ልጄ «ኧረ አባዬ፣ እዚህ ዓሣ ነበረ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበረ አልኩት፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የመሬትና የግብር መዝገብ ተደርድሯል፤ የጅረት ዓሣ መዝገብ ግን አላገኘሁም።

በሕግ በኩል ጉድለት የለብንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥተዋል። ነገር ግን ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም። ስለዚህ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ያሉ የሳይንስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው፣ ባለሙያ እየመራቸው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ በተወሰነ ስፍራ ዓሦችን በመረብ ይዘው፣ ዓይነታቸውን ለይተው፣ ቈጥረውና ጤናቸውን አይተው በሕይወት ይልቀቋቸው። ውጤቱንም በአንድ ደብተር ይጻፉት፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ደብተሩን እንደ ግብር መዝገብ ይጠብቀው። ሽማግሌዎችም በየትኛው ወንዝ ምን ዓሣ እንደ ነበረ የሚያስታውሱትን ዛሬውኑ ያስጽፉ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሹም ስለ ወንዙ ሲጠየቅ «ነበረ» ብቻ ብሎ እንዳይቀር፣ መዝገቡን ገልጦ የሚያሳየው ነገር ልንተውለት ይገባናል።