ጎታቹና ቪትዟ

ስሙኝማ! ጎጃም ደርሶ የተመለሰ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያወራል፤ ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳፋሪ ወሬ ነው። የዛሬው የሹፌርና የረዳት ነው።

ዘመኑ 2013 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወጥቶ፣ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ግብሩን ከምሮበታል። ከዚያ ወዲህ እንኳን የምትሄድ ቪትዝ፣ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ የምታድርባትም ገዢ አላጣችም። የኛ ሹፌር የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ስሙን ተዉት። አዲስ አበባ ላይ ሞተሯ የነከሰ ቪትዝ በቅናሽ አገኘ። ፍኖተ ሰላም ሞተር የሚያወርድ የሚያወጣ ዘመድ መካኒክ አለው። የቀረው እንዴት ትድረስ የሚለው ነው።

የሚነዳው ሲኖትራክ ነው፤ ሕዝቡ በአደጋው ብዛት «ቀይ ሽብር» ያለው። ተሳቢው ሻንሲው ተሰንጥቆ ብየዳ ቤት ገብቶበታል። ባለንብረቱ ደወለና «ጎታቹን ብቻ ይዘህ ና፤ ቡሬ ሌላ ተሳቢ ይጠብቅሃል» አለው። ቡሬ ያን ጊዜ ሥራ በሥራ ነበረች፤ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው። ሹፌሩም አሰበ። ከኋላዬ ምንም የለም። ይህ ጎታች እኮ አርባ ቶን ሲስብ የኖረ ነው፤ ቪትዝ ደግሞ አንድ ቶን ብትሞላ ነው! ቪትዟን ጭኖ ለሚያደርስ አይሱዙ የምከፍለው ብር ኪሴ ይቅር።

ሒሳቡ ልክ ይመስላል አይደል? ቆዩኝ።

የሽቦ ገመድ ተገዛ፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ቢሆን ነው። አንዱ ጫፍ ጎታቹ ሻንሲ ላይ፣ ሌላው ቪትዟ አፍንጫ ሥር ካለው ቀለበት ታሰረ። ቪትዟን ማን ይያዝ? ረዳቱ ነዋ! መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ያለው ጉልበትና «እሺ» ነው።

ሹፌሩ ከላይ ተቀምጦ ሙዚቃውን ከፍቷል። ልጁ ከታች ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። መንገዱን አያይም። የሚያየው ሁለት ረድፍ የኋላ ጎማና የጭቃ መከላከያ ነው። መስኮቱን ሲዘጋው ትንፋሹ መስተዋቱን ያለብሰዋል፤ ሲከፍተው የናፍጣው ጭስ ፊቱ ላይ ነው። ዓይኑን ከገመዱ ላይ አይነቅልም፤ ገመዱ ሲላላ ፍሬን፣ ሲወጠር መልቀቅ። ፍሬኗ ደግሞ ሞተር ሲሠራ የሚቀል ፍሬን ነው። ሞተሩ ከሞተ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም እንደዚያው። ሙከ ጡሪን አለፍ ብሎ አህዮች መንገድ ገቡና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ልጁ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆመ። ቪትዟ ከጎታቹ ጎማ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ጡሩንባ ነፋ፣ ጮኸ። ማን ይስማው? ላይ ያለው ሙዚቃ ይሰማል፤ በመስታወቱም ቪትዟ አትታየውም፤ ጎታቹ ጀርባ ውስጥ ተደብቃለች። ጉዞው ቀጠለ።

ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻን አልፈው ጎሐ ጽዮን ደረሱ፤ 185 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ልጁ ወረደ። ፊቱ ጥላሸት፣ ጣቶቹ መሪ እንደጨበጡ ደርቀዋል፤ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት መዳፉ አቅፎ ነው የጠጣው።

ሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ፊያት 682ን፣ ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉትን፣ ከነተሳቢው በዚህ በረሃ ሲያመላልሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ያኔ ረዳት ማለት ታኮ ይዞ ከመኪና እኩል የሚሮጥ ነበር፤ ዳገት ላይ ማርሽ ካመለጠ ዘሎ ጎማ ሥር የሚሰካው እሱ ነው። አዛውንቱ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ በመጨረሻ ሹፌሩን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ልትወርድ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ባዶ ነኝ እኮ፣ ምን ያስቸግረኛል?»

«ባዶ መሆንህ ነው የሚያስቸግርህ! የዚህ ብረት ፍሬን የተሠራው ጭነት ሲጫነው እንዲይዝ ነው። ተሳቢውን ስትፈታው የኋላ ጎማውን መሬት ላይ የሚጫነው የለም። ጠበቅ አድርገህ ስትረግጠው ይነጥራል፣ ይቆለፋል፣ ቂጡን ወደ ጎን ይጥልብሃል። ባዶ ጎታች ከተጫነው ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። አንተ ስትንሸራተት ይኼ ልጅ የት ይግባ? ገመድ ይስባል እንጂ አያግድም።»

«ቀስ ብዬ፣ በከባድ ማርሽ…»

«ማርሽህ አንተን ይይዝሃል። እሷን ማን ይያዛት? ደግሞ አውቶማቲክ ናት አይደል? ሞተሩ ሳይሠራ ካምቢዮዋ ውስጥ ዘይት የሚገፋ የለም። እስካሁን የመጣኸውም ሳይጎዳት አልቀረም፤ የምትነዳት በፊት ጎማዋ ነው፣ መነሣት የነበረበትም እሱ ነው። በጊዮርጊስ! ሞተር ልታሠራ ሄደህ ካምቢዮም ልትገዛ ነው።»

እኔ እንደሚመስለኝ ሹፌሩን የመለሰው ይኼኛው ነገር ነው። የልጁ ነፍስ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን የካምቢዮ ዋጋ ሲጠራ ፊቱ ተለወጠ።

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ወለል ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ደጀን እስኪወጣ መንገዱ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እሱም ኩርባ በኩርባ፤ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጣምመዋል። ከታች ያለው 303 ሜትር ድልድይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ሲመረቅ መሻገሩ ቀለለ፤ ቁልቁለቱ ግን የድሮው ቁልቁለት ነው።

እንግዲህ ምን ተደረገ? አንድ ባዶ አይሱዙ ደረሰ። አዲስ አበባ ሽንኩርት አራግፎ ወደ መራዊ የሚመለስ ነው፤ ቆጋ መስኖ ሊጭን። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ነውና በዚያ መንገድ የሚመለስ ባዶ አይሱዙ አይጠፋም። ዋጋ ተነጋገሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር ያለ የአፈር ጉብታ አዛውንቱ ያውቃሉ፤ አይሱዙው የኋላ በሩን ከፍቶ ጉብታው ላይ ተለጠፈ። በመካከሉ የቀረው ክፍተት ላይ ሁለት ወፍራም ሳንቃ ተጋደመ። ሰው ተጠራ፤ «ሆ!» ተባለ፤ ቪትዟ በሰው ጉልበት ገባች። አራቱም ጎማዎቿ ሥር ታኮ ገባ፤ አራቱን ታኮ የሰኩት አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው፣ ማንንም አላስነኩም። ልጁ ጎታቹ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሉማሜ እስኪደርሱ ተኛ። በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጂጋ አድርገው ማታ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ካምቢዮዋ ሲከፈት ግማሹ ተበልቶ ተገኘ፤ ለአይሱዙ ተቆጥቦ የነበረው ብር ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጣ።

ባለፉት ዓመታት ያ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ መኪና ይበልጥ ተወድዷል፤ የተበላሸውን በገመድ አስሮ የሚሄደውም አይቀንስም። የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች ሆይ፣ ክሬን አልጠየቅናችሁም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን አፋፍ ላይ አንድ አንድ የመጫኛ የድንጋይ መድረክ ሥሩልን፤ ቁመቱ የአይሱዙ ወለል ያህል ይሁን፤ ይበቃናል።