ከቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም የሚኖረው ዝንጀሮ

ከጅዳ ሸረፊያ ተነሥቶ በመካ በኩል ወደ ጣኢፍ የሚያቀና መንገደኛ የአል-ሃዳን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ መንገድ ዳር የተኮለኮሉ ዝንጀሮዎችን ማየቱ የተለመደ ነው። እነዚህ እንስሳት በአዋሽ ሸለቆና በድሬዳዋ አካባቢ ከሚኖሩት ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። ሐማድሪያስ የሚባለው ይህ ዝርያ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ አካባቢና በዓረብ ልሳነ ምድር ደቡብ ምዕራብ ብቻ ነው። የዓረብ ምድር ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሌላ የዱር ነዋሪ የላትም። ቀደም ሲል ባሕሩን ያሻገሯቸው የጥንት ነጋዴዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባል ነበር፤ የዘረመል ጥናቶች ግን እንስሳቱ ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት በራሳቸው እንደተሻገሩ ያመለክታሉ።

ስለ ሐማድሪያስ ከሚታወቀው አብዛኛው የተገኘው ከኢትዮጵያ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል በምትገኘው ኤረር አካባቢ መንጋዎቹን ተከታትሏል። ባለ ነጭ ጋማው ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ ርቃ የሄደችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። ወጣቱ ወንድ ደግሞ ገና ያልደረሰች ግልገል ከእናቷ ወስዶ እንደ እናት እያዘለ ያሳድጋታል፤ ቤተሰቡን የሚመሠርተውም ከእርሷ ጋር ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የወንዶቹ እርስ በርስ መከባበር ነው። ኩመርና ባልደረቦቹ ሁለት የሚተዋወቁ ወንዶችን ወስደው ለአንደኛው ሴት ሰጡት፤ ሌላኛው ለ15 ደቂቃ ያህል በአጥር ውስጥ ሆኖ እንዲያይ አደረጉ። ከዚያ ሲለቀቅ ተመልካቹ ለጠብ አልተነሣም። ፊቱን አዙሮ ሰማይ ያያል፣ ገላውን ያካል፣ መሬት ይነካካል። ጉልበተኛው እርሱ ሆኖ ሳለ እንኳ የሌላውን አይነካም። እንግዳ እንጂ ጓደኛ ካልሆነ ግን ይህ መተሳሰብ አይጸናም።

ሌሊቱን በገደል ላይ የሚያድሩት ነብርን ስለሚፈሩ ነው። ጠዋት ከመውረዳቸው በፊት አንዱ ወንድ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ይራመድና ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ከተከተሉት ጉዞው ወደዚያ ይሆናል፣ ካልተከተሉት ይመለሳል። በድርቅ ወራት የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውኃ ያወጣሉ።

በሳዑዲ ዓረቢያ ነብር እጅግ መመናመኑ፣ ቆሻሻ መጣያዎች መበራከታቸውና መንገደኛ የሚወረውረው ምግብ መንጋዎቹን ወደ ከተማ ስቧል። ዳቦና ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ መኪና ይፈትሻል፣ መስኮት ይገባል፣ ከእጅ ይነጥቃል። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ማዕከል መመገብን የከለከለውም ለዚህ ነው፤ ጥሰቱ ያስቀጣል። ትልቁ ወንድ እስከ 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ የዉሻ ክራንቻውም ከባድ ቁስል ያደርሳል። አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክራንቻውን እያሳየ ማስጠንቀቁ ነው። ዓይን ለዓይን ማፍጠጥም ለእርሱ የጠብ ጥሪ ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ለማንሣት መቅረብ፣ በተለይም ልጅ ይዞ፣ አደጋ አለው። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መሄድ ይኖርበታል፤ የእብድ ዉሻ በሽታ ክትባት የሚያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።