ነፊር፤ የካርቱም ወጣቶችና መጠጊያ ያጡ ወገኖቻቸው

ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ካርቱም፥ ኦምዱርማንና ባሕሪ የሚባሉ ሦስት ከተሞች ትይዩ ቆመው ይታያሉ። በድልድይ ስለ ተያያዙም እንደ አንድ ከተማ ይቈጠራሉ። ወንዙ ለከተማይቱ ሲሳይዋ ነው፤ በክረምት ግን ከዝናሙ ጋራ ሲተባበር ብዙ ሰው ያለ ቤት ያስቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ማን ይደርስለታል? የካርቱም ወጣቶች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አለው። (ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

መጠጊያ ማጣት በካርቱም ዳርቻ በቅርብ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1984 እና በ1985 ድርቅ ኮርዶፋንንና ዳርፉርን በመታ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከብቱ አልቆበት ወደ ከተማይቱ ተሰደደ። በ1983 በደቡብ የተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነትም ሌላ ስደተኛ ጨመረ። እነዚህ ሰዎች በከተማይቱ ጫፍ በጭቃ፥ በጆንያና በካርቶን መጠለያ እየሠሩ ተቀመጡ። በኦገስት 1988 በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ወረደ፤ ይህም የካርቱም ምድር በመላው ዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን አጣ።

በሱዳን ገጠር ግን ለችግር ጊዜ የሚሆን የቈየ ልማድ አለ፤ ስሙም ነፊር ይባላል። አንድ ገበሬ አዝመራው ሲደርስ ወይም ጐጆው ሲወድቅ ጐረቤቶቹን ይጠራል፤ የተጠሩትም መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ሥራውን በኅብረት ይፈጽሙለታል፤ እርሱም በበኩሉ ምግብና መጠጥ ያቀርብላቸዋል። ይህ በኢትዮጵያ ደቦ ወይም ጅጌ ከሚባለው ጋራ ይመሳሰላል። የነፊር ሕግ አጭር ነው፤ ዛሬ የተጠራ ይመጣል፥ ነገ ደግሞ በተራው ይጠራል። ይሁን እንጂ በገጠር የወደቀውን ጐጆ ሁሉም ያየዋል፤ በታላቅ ከተማ ግን የፈረሰውን ቤት ከዚያው ሰፈር ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ልማዱ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ አዲስ ዘዴ ያስፈልገው ነበረ።

በኦገስት 2013፥ የረመዳን ጾም ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ኀይለኛ ዝናም ወርዶ የካርቱምን ዙሪያ አጥለቀለቀው። ይልቁንም በምሥራቅ በኩል ሸርቅ አን ኒል በሚባለው ወረዳ ብዙ የጭቃ ቤት ፈረሰ። የመንግሥት ርዳታ ዘገየ ተብሎ ሕዝቡ ሲያጕረመርም ወጣቶች ተሰብስበው የርዳታ ማኅበር አቆሙ፤ ስሙንም ከአባቶቻቸው ልማድ ወስደው ነፊር አሉት። በጥቂት ቀን ውስጥም ብዙ ፈቃደኞች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ወደዚህ ማኅበር ገቡ።

የሥራቸውም ሥርዐት እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያ፥ ርዳታ ፈላጊም ሆነ ለጋስ የሚደውልበትን የስልክ ቍጥር ለሕዝብ አስታወቁ። ሁለተኛ፥ ወደ ሰፈሮቹ ገብተው ስንት ቤት እንደ ፈረሰ፥ ስንት ቤተ ሰብ ሜዳ ላይ እንዳደረ፥ ማን ምግብ፥ ማን ላስቲክ፥ ማን መድኃኒት እንደሚያሻው እየጠየቁ መዘገቡ። ሦስተኛ፥ መዝገቡን እያዩ በከተማ የተሰበሰበውን ስጦታ አከፋፍለው በመኪና ላኩ። በውጭ አገር የሚኖሩ ሱዳናውያንም ወሬውን በኢንተርኔት ሰምተው ገንዘብ አዋጡ። እንግዲህ ምግቡም ልብሱም ለጋሱም ቀድሞ ነበረ፤ የጐደለው ካለው ወደ ሌለው የሚያደርስ መንገድ ነበረ። ወጣቶቹ ያበጁት ይህን መንገድ ነው።

ሥራው ጕድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ላስቲክ ቤት አይሆንም፤ ድኾች ጐርፍ በሚሄድበት መሬት ላይ እንዲሰፍሩ ያደረገውን ምክንያት ፈቃደኞች ሊያስወግዱት አልቻሉም። በ2020ም ዓባይ ከልኩ አልፎ ሞልቶ እንደ ገና ብዙ ቤት አፈረሰ። ሆኖም ከነፊር የተገኘው ልምድ አልጠፋም።

በዲሴምበር 2018 በሱዳን ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሣ በየሰፈሩ የወጣቶች ኮሚቴዎች በረቱ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በአገሩ ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ጦር መካከል ውጊያ በካርቱም ሲጀመር፥ ከእነዚሁ ኮሚቴዎች የአስቸኳይ ርዳታ ክፍሎች የሚባሉት ተወለዱ። የውጭ ርዳታ ድርጅቶች ብዙዎቹ ከከተማይቱ ሲወጡ ወጣቶቹ በሰፈራቸው ቀሩ። ተኪያ የሚባለውን የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፤ ስሙም ከሱፊዎች የእንግዳ ማረፊያ የመጣ ነው። ውሃና መድኃኒት አቀረቡ፤ ሰላም ያለበትን መውጫ ለሚሸሹት አመለከቱ። ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ስለ ነበረ ብዙዎቹ የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኑ፤ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ቤተ ሰብ ምንጣፉን ዘረጋ።

ይህ ሥራ ዋጋ አስከፍሏል። ፈቃደኞቹን አንዱም ወገን ሌላውም ወገን በጠላትነት ጠረጠራቸው፤ ብዙዎች ታሰሩ፥ የተገደሉም አሉ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በገታ ጊዜ ከወጥ ቤቶቹ የሚበዙት ተዘጉ፤ ሌሎቹ ከዘመድና ከስደተኛ ሱዳናውያን በሚላክ ገንዘብ ቈዩ። በዚያው ዓመት የኖርዌይ የራፍቶ ሽልማትና በስዊድን የሚሰጠው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለእነዚህ ክፍሎች ተሰጠ። ሽልማት ድስት አይሞላም፤ ነገር ግን ማን እንደ ሠራው ለዓለም መሰከረ።

መምህራንና የትምህርት ሹማምንት ከዚህ ታሪክ የሚያስተውሉት ነገር አለ። በፈረሰ ቤት ፊት ቆሞ የቤተ ሰቡን ቍጥር ሳያበዛና ሳያሳንስ የጻፈው እጅ ጽሕፈትንና ሒሳብን የተማረው በትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ መቍጠርን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማን ሳይቈጠር እንደ ቀረ ማወቅ ሌላ ነው። የካርቱም ወጣቶች ፊተኛውን ከመምህራቸው፥ ኋለኛውን ከአያቶቻቸው ነፊር ተማሩ። ሁለቱ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ እንዲገናኙ ማድረግ የመምህር ሥራ ነው፤ ጐርፍ ከመምጣቱ በፊት ሊደረግም ይገባል።