የታወቀ ቃል ፍቺ፦ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ታሪክ

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የተጀመረው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል በመተው ነው። የመጀመሪያው ባለ አንድ ቋንቋ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደሆነ የሚነገርለትና ሮበርት ኮድሪ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር በ1604 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው መጽሐፍ የያዘው ወደ 2,500 የሚጠጉ «ከባድ ቃላትን» ማለትም ከላቲን፣ ከግሪክ፣ ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ ገብተው ብዙ አንባቢ የማይረዳቸውን ቃላት ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን የተከተሉት አዘጋጆችም በአብዛኛው ይህንኑ ፈለግ ስለተከተሉ፣ መሮጥን፣ መውሰድንና ማስቀመጥን የሚገልጹ ዕለታዊ ግሶች በመዝገብ ቦታ ያገኙት ዘግይተው፣ በተለይም የጆን ከርሲ ሥራ ነው ተብሎ የሚታመነው መጽሐፍ በ1702 ከወጣ ወዲህ ነው።

እነዚህ ቃላት ወደ መዝገቡ ሲገቡ ግን ከባድ ከተባሉት ይልቅ አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ፤ ይህን በግልጽ ከተናገሩት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ያሳተመ፣ በ1759 ደግሞ ሲራክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አማርኛ የመለሱትን የራሴላስን ታሪክ የጻፈ በመሆኑ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከለንደን መጻሕፍት ነጋዴዎች ጋር በ1746 ተዋውሎ በስድስት ጸሐፊዎች እየተረዳ በ1755 ያወጣው መዝገበ ቃላት ከ42,000 በላይ ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ አሠራሩም መጻሕፍትን እያነበበ የሚፈልገውን ቃል ማስመርና ጸሐፊዎቹ ዓረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲገለብጡት ማድረግ ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ማስረጃ መውሰድንና መያዝን የሚገልጸውን «ቴክ» የተባለ ግስ ብቻ ከ130 በላይ ፍቺዎች እንዲከፋፍል አስገደደው፤ በመግቢያውም ላይ ፍቺያቸው ሰፊና ልቅ የሆነ እንዲህ ያሉ ግሶች ድካሙን እጅግ እንዳበዙበት ገልጿል።

የችግሩን መጠን ለመረዳት «ራን» የተባለውን ግስ መመልከት ይበቃል። ይህ ቃል ሰው ወይም እንስሳ በእግሩ መሮጡን ይገልጻል፤ ይሁን እንጂ ወንዝ ሲፈስ፣ ንፍጥ ሲዝረበረብ፣ የጨርቅ ቀለም ሲለቅ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር ወይም ሱቅ ሲያስተዳድር፣ ጋዜጣ ዜና ሲያወጣ፣ መንገድ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲዘልቅና ሞተር ሲሠራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህንኑ አንድ ቃል ይጠቀማል። አንድ ቃል ተዛማጅ የሆኑ ብዙ ትርጉሞችን መያዙ ብዝኀ ፍቺ ሲባል፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነው ማለትም አንድ ሐሳብ በብዙ ቃላት መገለጹ ደግሞ ተመሳስሎ ይባላል። ለእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት መብዛት ዋነኛ ምክንያት የሆነው የሀገሪቱ ታሪክ ነው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ፣ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ሆነው ስለቆዩ፣ መጠየቅን የሚገልጹት ነባሩ «አስክ»፣ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ክዌስችን» እና ከላቲን የመጣው «ኢንተሮጌት» ጎን ለጎን ሊኖሩ ችለዋል። የመጀመሪያው በማንኛውም ሰው አፍ የሚነገር ሲሆን፣ የመጨረሻው መርማሪ ፖሊስን የሚያስታውስ ነው።

ተመሳሳይ ቃላትን በሐሳብ ዝምድና ከፋፍሎ በማቅረብ ስሙ ከሁሉ የገነነው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ ሐኪም ነው። ሮዤ ለራሱ መገልገያ የሚሆን የቃላት ዝርዝር በ1805 ካዘጋጀ በኋላ ለረጅም ጊዜ አቆይቶት፣ ሮያል ሶሳይቲ ከተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊነት ሥራው ከተሰናበተ ወዲያ አስፋፍቶ በ1852፣ በ73 ዓመቱ አሳተመው። መጽሐፉን «ቴሶረስ» ማለትም በግሪክኛ ግምጃ ቤት ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ቃላቱን በፊደል ተራ በመደርደር ፈንታ በስድስት ታላላቅ ክፍሎችና በ1,000 አርእስት ሥር አሰባስቧቸዋል። ሐሳቡን ይዞ ቃሉ የጠፋበት ሰው ትክክለኛውን እንዲመርጥ የታሰበ በመሆኑም ለቃላቱ ፍቺ አልሰጠም።

ከዚህ አምስት ዓመት በኋላ የለንደኑ የፊሎሎጂ ማኅበር፣ ማለትም የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ማኅበር፣ አባሉ ሪቻርድ ትሬንች የነበሩትን መዝገበ ቃላት ጉድለት ዘርዝሮ ሲያቀርብለት፣ እያንዳንዱን ቃል ከልደቱ ጀምሮ የሚከታተል አዲስ ሥራ ወጠነ። ማስረጃ የሚሰበስቡት በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ነበሩ። ጀምስ መሪ በ1879 አዘጋጅነቱን ሲረከብ የተላኩለት ቁራጭ ወረቀቶች በከረጢትና በቅርጫት ታጭቀው የነበረ ሲሆን፣ በአንደኛው ውስጥ የሞተ አይጥ ተገኝቷል። መሪ በግቢው ውስጥ ባሠራው የቆርቆሮ ቤት ከአንድ ሺህ በላይ ክፍልፋዮች ያሉት መደርደሪያ አቁሞ ወረቀቶቹን ሲለይ ከአይጡ የባሰ ችግር ገጠመው፤ አንባቢዎቹ ብርቅ ቃል ሲያገኙ እየተሽቀዳደሙ ስለመዘገቡና የተለመደውን ቸል ስላሉ፣ ለጠፋው «አቢዩዥን» ሃምሳ ያህል ጥቅሶች ሲገኙ፣ ማጎሳቆልንና አለአግባብ መጠቀምን ለሚገልጸው ለታወቀው «አቢዩዝ» አምስት እንኳ አልተገኙም። የኮድሪ ዘመን አመለካከት ከ275 ዓመታት በኋላም አልጠፋም ነበርና፣ መሪ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ባሰራጨው ጥሪ ተራ ቃላትም እንዲሰበሰቡ አሳሰበ።

መሪ በ1915 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተባለው ይህ ሥራ ከ414,000 በላይ ቃላትንና ከ1,800,000 በላይ ጥቅሶችን ይዞ የተጠናቀቀው በ1928 ነው። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ብዙ ፍቺ በመያዝ የታወቀው፣ ማኖርንና ማስቀመጥን የሚያመለክተው «ሴት» የተባለው ባለ ሦስት ፊደል ግስ ሲሆን፣ ለእርሱ ብቻ ወደ 430 የሚጠጉ ፍቺዎችና ወደ 60,000 የሚጠጉ ቃላት የፈጀ ሐተታ ተሰጥቶታል። ይህን ክብር በኋላ የወሰደበት «ራን» ነው፤ ፒተር ጊሊቨር የተባለው አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ያህል ደክሞበት ለግሱ 645 ፍቺዎች መለየቱ በ2011 ተነግሯል። ሰው በእግሩ ብቻ ይሮጥ በነበረበት ዘመን ያልነበሩ ባቡሮች፣ የፋብሪካ መሣሪያዎችና ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው በዚህ ግስ ላይ የየራሳቸውን ፍቺ መጨመራቸው ለቁጥሩ መናር አንዱ ምክንያት ነው።

የሮዤንና የመሪን መንገድ ያጣመረው በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሳሙኤልስ በ1965 ያስጀመረው ሥራ ነው። በ1978 በደረሰ ቃጠሎ ወረቀቶቹ በብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበሩ ተርፈው፣ የኦክስፎርድን ፍቺዎች በሐሳብ ዝምድናና በዘመን ቅደም ተከተል የሚያሰልፈው መጽሐፍ በ2009 ወደ 800,000 የሚጠጉ ፍቺዎችን ይዞ ታትሟል። ከኮድሪ እስከ ግላስጎ የተጓዘው ይህ ታሪክ የሚያስረዳው፣ የብርቅ ቃል ፍቺ በአንድ መስመር ሊያልቅ ሲችል የተለመደው ቃል ግን የተናጋሪውን ሕዝብ ኑሮና የሥራ ለውጥ ሁሉ ተሸክሞ እንደሚመጣ ነው፤ ስለዚህ የማንኛውንም ቋንቋ መዝገበ ቃላት ብቃት መመዘን የሚሻ አንባቢ የማያውቀውን ቃል ከመፈለግ ይልቅ በየዕለቱ የሚናገረውን አጭር ግስ አውጥቶ ቢያነብ ይበልጥ ይጠቀማል።