የሕዝቅኤል ሁለት በትሮች

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 ከቁጥር 15 እስከ 28 የሚገኝ ትንቢት ነው። ነቢዩ በአንዱ በትር ላይ የይሁዳን፣ በሌላው ላይ የዮሴፍን ስም እንዲጽፍ፣ ከዚያም ሁለቱን በእጁ አጋጥሞ አንድ እንዲያደርጋቸው ይታዘዛል። ሕዝቡ የነገሩን ፍች ሲጠይቀው፣ የተበተኑት ከየአሕዛቡ ተሰብስበው በአንድ ንጉሥ ሥር አንድ ሕዝብ እንደሚሆኑ ይነግራቸዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ሕዝቅኤልን በይበልጥ የሚያውቀው በእመቤታችን ምሳሌ፣ በምዕራፍ 44 በተዘጋችው የምሥራቅ በር ነው። የበትሮቹ ነገር እምብዛም አይነሣም።

ሕዝቅኤል እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሥ ዮአኪን ጋር ወደ ባቢሎን የተማረከ ካህን ነበር። የእስራኤል መንግሥት ከሰሎሞን ሞት በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሰሜኑን ክፍል አሦራውያን በ722 ገደማ አጥፍተው ነዋሪውን አፈለሱ፤ ይሁዳ ደግሞ በ586 ወደቀች። ስለዚህ ነቢዩ አንድ ይሆናል የሚለው፣ ግማሹ ከመቶ ዓመት በላይ ደብዛው የጠፋ ሕዝብ ነው። ክርስቲያን ተርጓሚዎች ይህን አንድ ንጉሥ ክርስቶስ ሲሉ፣ አይሁድ ገና የሚመጣውን መሲሕ ይጠብቃሉ።

ትንቢቱ ኢትዮጵያን የነካው በቤተ እስራኤል፣ በኢትዮጵያ አይሁድ በኩል ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ የነበረው ታላቅ ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡት አይሁድ የዳን ነገድ ናቸው ሲል ፈረደ። ዳን የሰሜኑ ንጉሥ ኢዮርብዓም የወርቅ ጥጃ ካቆመባቸው ሁለት ስፍራዎች አንዱ፣ የሰሜኑ መንግሥት ክፍል ነው። በዚህ ስሌት የጎንደርና የሰሜን ቤተ እስራኤል በጠፋው፣ በዮሴፍ በትር ላይ ተጻፉ ማለት ነው። እንደ ስቲቨን ካፕላን ያሉ የታሪክ ሊቃውንት ግን ማኅበረሰቡ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ተለይቶ እንደወጣ ያስረዳሉ። ኋላ ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን አውሮፕላን ያስላከው ግን የረቢው ፍርድ እንጂ የታሪክ ጸሐፊው ማስረጃ አልነበረም። የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፍርድ ተከትለው አጸኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለእነሱም እንዲሠራ ተወሰነ።

ወደ ኢየሩሳሌም የመመለስ ናፍቆቱ ግን ከዋና ረቢው ውሳኔ ቀድሞ ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ ማህሪ ብዙ ተከታይ አስነሥተው በእግራቸው ወደ ቀይ ባሕር አቀኑ፤ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈላል ብለው። ረሃብና በሽታ ትግራይ ላይ ፈጃቸው። የስግድ በዓልም ይህንኑ ናፍቆት ይዞ ኖሯል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፣ ከመጽሐፈ ነህምያ ያነባሉ፣ ሕዝቡም ጾሞ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። እስራኤል በዓሉን በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ አድርጋዋለች።

በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ቤተ እስራኤል ወደ 8,000 ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ግን ወደ ሱዳን ሲሄዱ በመንገድና እዚያ በመጠለያ ካምፕ አልቀዋል። ዘመቻ ሰሎሞን ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ አጓጓዘ።

የበትሮቹ መገጣጠም ግን በአውሮፕላን ማረፊያው አላለቀም። ፍርዱ ጸንቶ ሳለ፣ አንዳንድ ረቢዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጤዎቹ ስለ አይሁድነታቸው ካለው ጥርጣሬ የተነሣ በውኃ የመንጻት ሥርዓት ይፈጽሙ አሉ፤ ዘመናት ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ሰዎች ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። በ1996 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ ከኢትዮጵያውያን አይሁድ የተለገሰ ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ተሰማ፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውሞ ወጡ።

አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉት ፈላስ ሙራ ነገራቸው ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ሳይሳፈሩ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በሚወጣ የመንግሥት ውሳኔ በተራ ሲገቡ ቆይተዋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ዙር 2,000 ገደማ ሰዎች ተወስደዋል። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ዓመታት የጠበቁ፣ እስራኤል ውስጥ ወላጅ ወይም ወንድም ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። የሚገቡትም በመመለስ ሕግ ሳይሆን በቤተሰብ ማገናኛ ፈቃድ ነው፤ እስራኤል ከደረሱ በኋላም ወደ አይሁድነት የመቀበያውን ትምህርትና ሥርዓት ይፈጽማሉ።