የአጼ ቴዎድሮስን ፊት ማን ይሥራው?

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ የአጼ ቴዎድሮስን ምስል ሳያይ አይቀርም። ሹሩባው ሁሌም ያው ነው። ፊቱ ግን እንደ ሠዓሊው ይለያያል፤ ምክንያቱም ንጉሡ በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም።

ንግሥናቸው የጀመረው እዚሁ ስሜን ውስጥ ነው። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ውቤ ራሳቸው ባሠሩት ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የሟቹን ፊት በወረቀት ያስቀሩት ታዲያ አሸናፊዎቹ ናቸው። ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ አስከሬኑን ሥሏል። ከራሳቸው የተቆረጠውን ጸጉር ደግሞ አስከሬኑን የሣለ የሌላ ሰው ቤተሰብ ይዞት ኖሮ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ለንደን ላለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጠው።

አውሮፓውያን ታላላቅ ሰዎቻቸው ሲሞቱ ፊታቸው ላይ ጀሶ አፍስሰው ቅርጹን ያስቀሩ ነበር። የናፖሊዮን በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ ጀሶ አልነበረም። ለቅሶው ላይ የሟቹ ልብስ፣ ጋሻና ፈረስ ይወጣል፣ አልቃሽ ደግሞ በቃል ትሥለዋለች። ዛሬ ፎቶው ይያዛል።

አሁን ግን ጀሶውን ኮምፒውተር ተክቶታል። ሲቲ ስካን አጥንትን በስስ በስሱ በኤክስሬይ ያነሣል፤ ኮምፒውተር ንብብሩን ገጣጥሞ ቅርጽ ያወጣል፤ ባለሙያ በቅርጹ ላይ ጡንቻና ቆዳ ያለብሳል። ሉሲ (ድንቅነሽ) በ2008 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለ10 ቀናት እንዲህ ተነሥታ ከ35,000 በላይ ምስሎች ወጥተዋል።

ነገር ግን አጥንት ሁሉን አይናገርም። የግብጹ ቱታንክሃሙን በ2005 እ.ኤ.አ. ሲቲ ስካን ተነሥቶ ሦስት ቡድኖች ፊቱን ሠሩለት። የራስ ቅሉ ቅርጽ ተመሳሰለ፤ የአፍንጫው ጫፍና ጆሮው ግን ተለያየ። የቆዳው ቀለም ደግሞ ተቃውሞ አስነሣ። ይህን አጥንት አይነግርም፤ ሠሪው ነው የሚመርጠው።

የእኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ለቴዎድሮስ ይህን ለማድረግ መቃብር መክፈት ግድ ነው። ጸጉራቸው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ሙዚየሙ የገለጸው ምክንያት፣ ከንጉሡ መቃብር አብሮ እንዲያርፍ ነው። ጸጉሩን ለማሳረፍ ይህን ያህል የጠየቅን ሰዎች፣ አጥንቱን ለማሽን እናውጣ ብንል እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

መቃብር ሳይከፈት ደግሞ ሌላው መንገድ ክፍት ሆኗል። ማንም ሰው ስልኩ ላይ «የቴዎድሮስ እውነተኛ ፊት» ብሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል ያወጣል፤ እኛም እናጋራለን። ያ ምስል ከአጥንት አልተነሣም፤ መሠረቱ ድሮ የተሣለ ሥዕልና ግምት ነው። መቅደላ ላይ እንኳ ሠዓሊው ቢያንስ ፊቱን አይቶ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ለፊት ሲባል መቃብር አይነካ። ሁለተኛ፣ በዲጂታል የሚሠራ ሁሉ ከምን ተነሥቶ እንደተሠራ፣ የቱ ማስረጃ የቱ ግምት እንደሆነ ሥሩ ላይ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ወደፊት ሳይንሱ ተሻሽሎ ጥያቄው ቢነሣ፣ ውሳኔው የዘሮቻቸው፣ የቤተ ክርስቲያንና የሕዝብ ይሁን፤ ማሽኑን የያዘው ብቻውን አይወስን። አንድ ጊዜ ፊታቸውን አሸናፊው ሥሎታል። ሁለተኛውን ጊዜ ለማንም መተው የለብንም።