የአንኮበር ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ይህ የአንኮበር ከተማ ዜና ነው፤ ከሽማግሎች አፍ፣ ከብራና ኅዳግ፣ እንግዶችም ጽፈው ከተዉት እየተለቀመ የተጻፈ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ሲገዙ መናገሻቸው አንኮበር ነበረች። ግቢያቸው በሾጣጣው ኮረብታ ራስ ላይ ሆኖ ዙሪያው አጥር በአጥር ላይ የተደራረበ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ የአፋር በረሃ ከእግር በታች ተነጥፎ ይታያል። ከታጁራ የሚነሣው ቅፍለት ያን በረሃ አቋርጦ አልዩ አምባ ሲደርስ ግመሉን ያራግፍ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው በዚያ ገበያ ይገናኝ ነበር፤ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ መጣ። በኅዳር 1834 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ከንጉሡ ጋር በአንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም አብሮት ነበርና ያየውን አገር ሥሎ ወሰደ። እኛም ዛሬ የዚያን ዘመን መልክ በባዕድ እጅ እናየዋለን፤ ስለ ደከመበት ይመስገን። ነገር ግን የእንግዳ ዓይን ከአዳራሹ አልፎ ጓዳ አይገባም።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ዐረፉ፤ ሕፃኑ ልጃቸው ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ በወርቂት አገር በኩል አንኮበር ገቡ። ይህን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በምኒልክ ታሪክ አስፍተው ጽፈውታልና እኛ አናረዝመውም። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ፤ ነጋዴውም ፊቱን ወደዚያ መለሰ። የአልዩ አምባ መንገድ ቀዘቀዘ፤ አንኮበርም ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። እኔ ይህን የምጽፍ፣ የነገሥታቱ ዜና በመጽሐፍ ስላለ የሰፈሩን ሰው ዜና ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ቄስ ዕቃ ቤት ከፍተው በነጠላ የተጠቀለለ ዳዊት አወጡልኝ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ፣ ከዋናው ጸሐፊ በተለየ እጅ፣ አራት መስመር ተጽፏል፦ መሬት የሸጠው፣ የገዛው፣ ዋስ የሆነው፣ ዋጋው። ከሥሩ «በዘመነ ሉቃስ» ይላል። ዘመነ ሉቃስ ግን በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና በዚህ ብቻ ዓመቱ አይታወቅም። ደግነቱ የአለቃው ስም አለ። ቄሱ ሌላ መጽሐፍ አመጡ፤ በዚያም የአለቆቹ ተራ ተጽፎ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተን እስኪመሽ ድረስ ስንቆጥር ቆይተን ዓመቱን አገኘነው። ሻጩ፣ ገዢውና ዋሱ ከሞቱ በኋላ ዳግመኛ ሰው ሆነው የቆሙ መሰለኝ።

የዳዊቱን ጫፍ ግን አይጥ በልቶታል፤ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የዋሱ ስም በጠፋ ነበር። በ1960ዎቹ የብዙ አድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ትልቅ ሥራ ነው። በሽማግሌ ልብ ያለውን ግን ያነሣው የለም።

በማግሥቱ አንድ አባት በከዘራ እየተደገፉ ወደ ኮረብታው ይዘውኝ ወጡ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው በኖራ የተገነባ የግንብ ቁራጭ ነው። መዳፋቸውን በግንቡ ላይ አሳርፈው ወደ ታች እያሳዩ ይህ እገሌ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ያ ደግሞ የእገሊት ጓሮ እያሉ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍሁ። ጉም ከቆላ ወጥቶ ሁሉን እስኪሸፍነው ድረስ ጻፍሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን በምትሄደው መኪና ልሳፈር ስል አንድ ልጅ እየሮጠ ደረሰ። «አያቴ ልከውኝ ነው፤ ማታ ተኝተው ሳሉ የአንዲት ምንጭ ስም ትዝ አላቸው» አለኝ። መኪናዋን አስቁሜ ደብተሬን ከሻንጣ አወጣሁ።